ከለንደን ሲድኒ ስንት ሰዓት ነው? የበረራ ርቀትና ሰዓት ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሩቅ ለሩቅ የሆኑ ሁለት ከተሞች መሀል ያለው ርቀት ስንት ነው፣ በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ለምንድነው ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ የሚለያዩት? የመጀመሪያውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት፣ እሱ ከገባችሁ ሌሎቹም ይቀልላሉና። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ የሰዓት አፃፃፉ ደግሞ ትኬት ላይ እንደምታዩት በ24 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እህቴ ከለንደን ወደ ሲድኒ ልትሄድ ነው፣ ርቀቱን ልይላት ብዬ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ ዌብሳይት 17 ሺህ ይላል፣ አንዱ 10 ሺህ ከ500፣ ሌላው ደሞ 9 ሺህ ምናምን። ሰዓቱም እንደዛው ነው፣ አንዱ ጋ 19 ሰዓት፣ አንዱ ጋ 21፣ የእህቴ ትኬት ላይ ደሞ 23 ሰዓት ከምናምን ነው የሚለው። የቱን ልመን? — ግራ የገባኝ ወንድማችሁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ርቀቱን በተመለከተ ሶስቱም ልክ ናቸው። 17 ሺህ ያለህ በኪሎ ሜትር ነው፣ 10 ሺህ ከ500 ያለህ በማይል ነው፣ 9 ሺህ ምናምን ያለህ ደሞ በኖቲካል ማይል ነው። ከለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት እስከ ሲድኒ ኤርፖርት አጭሩ መስመር ሲለካ ወደ 17,016 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ ይሄው ቁጥር በማይል 10,573፣ በኖቲካል ማይል 9,188 ይሆናል። ብዙ ዌብሳይት ቁጥሩን በትልቁ ይፅፍና መለኪያውን በትንንሽ ፊደል ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው እሱን ይሁን። ኖቲካል ማይል መርከበኞችም ፓይለቶችም የሚጠቀሙበት ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው፣ በኬክሮስ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው፣ የአንዷ ደቂቃ ርዝመት ምድር ላይ ሲለካ አንድ ኖቲካል ማይል ይሆናል፣ ስለዚህ ካርታ ላይ ዲግሪ የቆጠረ ሰው ርቀቱን ወዲያው ያገኘዋል ማለት ነው።

መለኪያው አንድ ሆኖም ሁለት ዌብሳይት በጥቂት አስር ኪሎ ሜትር ቢለያይብህ አይግረምህ። አንዱ ከመሀል ከተማ እስከ መሀል ከተማ ይለካል፣ ሌላው ከኤርፖርት እስከ ኤርፖርት። ደሞ አንዳንዱ ምድርን ድብልብል ኳስ አድርጎ 6,371 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ሰጥቶ ነው የሚያሰላው፣ እውነቱን ለመናገር ግን ምድር ወገቧ ላይ ትንሽ ወጣ ያለች ናት፣ በምድር ወገብ ዙሪያዋ 40,075 ኪሎ ሜትር ሲሆን በዋልታዎቹ በኩል ደሞ 40,008 ነው። ከዚህ ቁጥር አንድ ጥሩ ነገር ታገኛለህ፣ በምድር ላይ ሁለት ቦታዎች ሊራራቁ የሚችሉት ቢበዛ ቢበዛ የዙሪያዋን ግማሽ፣ ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። እህትህ የምትሄደው 17 ሺህ ነው፣ ከዚህ በላይ ብዙም የሚርቅ ቦታ የለም።

ሰዓቱ ላይ ስንመጣ ግን ሶስቱም ልክ ናቸው ልልህ አልችልም። 19 እና 21 ያሉህ ዌብሳይቶች ያደረጉት ማካፈል ብቻ ነው፣ 17,016ን ለ900 ስታካፍለው 19 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ለ800 ስታካፍለው 21 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወጣል። ንፋስ የለበትም፣ መነሳትና ማረፍ የለበትም፣ ትራንዚት የለበትም። ከሁሉም በላይ ደሞ ይሄን ስፅፍ ከለንደን ሲድኒ ሳያርፍ የሚሄድ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም፣ ስለዚህ እነዛ ሁለት ቁጥሮች ማንም ትኬት ቆርጦ የማይሳፈርበት በረራ ሰዓት ናቸው። የእህትህ ትኬት ላይ ያለው 23 ሰዓት ከምናምን ነው እውነተኛው፣ ምክንያቱም እሱ ሁለት በረራና መሀል ላይ ያለውን ቆይታ ደምሮ ነው የያዘው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ነገር ልንገርህ። ሰው መሀል ላይ ማረፍ መንገዱን በጣም የሚያስረዝም ይመስለዋል። በሲንጋፖር በኩል ብትሄድ ለንደን ሲንጋፖር ወደ 10,900 ኪሎ ሜትር፣ ሲንጋፖር ሲድኒ ወደ 6,300 ነው፣ ሲደመር 17,200 ገደማ ነው። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ለአውሮፕላን የሩብ ሰዓት መንገድ ማለት ነው። በዱባይ በኩል ደሞ 17,500 ገደማ ይሆናል፣ እሱም ያን ያህል የተጋነነ አይደለም። በሎስ አንጀለስ በኩል ከሄደች ግን ምድርን በሌላኛው ወገን ነው የምትዞረው፣ ወደ 20,800 ይጠጋል፣ ከአራት ሰዓት በላይ ተጨማሪ በረራ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚበላው ማረፉ እንጂ ርቀቱ አይደለም፤ ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነት ይቀንሳል፣ መሬት ላይ ሄዶ በሩ ጋ እስኪቆም፣ ሰው እስኪወርድ፣ ቀጣዩ በረራ እስኪደርስ፣ እንደገና እስኪሳፈሩና እስኪነሳ ድረስ ያለው ነው።

ሳያርፉ መሄድ ተሞክሯል ታዲያ። በ1989 የአውስትራሊያው አየር መንገድ ኳንታስ አዲስ የተረከበውን ቦይንግ 747-400 ከለንደን ሲድኒ ከፋይ መንገደኛ ሳይጭን በ20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ አድርሶታል። በ2019 ደሞ በቦይንግ 787-9 ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይዞ ለምርምር በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ በሮታል። ልብ በልልኝ፣ ያ የ2019ኙ በረራ በአየር ላይ የሄደው ወደ 17,800 ኪሎ ሜትር ነው፣ ካርታው ላይ ከሚሰላው አጭር መስመር 800 ገደማ ይበልጣል። አውሮፕላን የተሰመረለትን ቀጥ ያለ መስመር ይዞ አይሄድም፣ ንፋስ ይፈልጋል፣ ዝናብና ነጎድጓድ ያለበትን ይሸሻል፣ የተፈቀደለትን ሰማይ ይከተላል። አሁን ኳንታስ ይሄንኑ መስመር መደበኛ ለማድረግ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ የተገጠመለት ኤርባስ ኤ350-1000 አዝዟል፣ 238 መቀመጫ ብቻ ነው የሚኖረው፣ እስከ 22 ሰዓት ድረስ እንዲበር ተደርጎ ነው የሚሰራው።

እኔን በዚህ መስመር ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ ፍጥነቱ ነው። በ1919 ሮስ ስሚዝና ኪት ስሚዝ የሚባሉ ወንድማማቾች ከሁለት መካኒኮቻቸው ጋር በቪከርስ ቪሚ አውሮፕላን ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ዳርዊን ሲደርሱ 28 ቀን ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀረው። በ1947 ኳንታስ በኮንስቴሌሽን አውሮፕላን ከሲድኒ ለንደን መደበኛ በረራ ሲጀምር 29 መንገደኛ ይዞ አራት ቀን ይፈጅበት ነበር፣ አየር ላይ የሚያሳልፈው ብቻ 55 ሰዓት ገደማ። የከተሞቹ ርቀት ያኔም ዛሬም ያው ነው።

ለራስህ ማስላት ከፈለግክ ቀላል ዘዴ አለ፣ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍልና ግማሽ ሰዓት ጨምርበት። ግማሽ ሰዓቱ ለመነሳት፣ ለመውጣትና ለማረፍ ነው። ከፐርዝ ለንደን 14,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚህ ዘዴ 17 ሰዓት ተኩል ይወጣል፣ ትክክለኛው በረራም እዛው አካባቢ ነው። ይሄ ግን ለአንድ ያልተቆራረጠ በረራ ነው የሚሰራው፣ ማረፊያ ካለው ሁለቱን ለየብቻ አስልተህ የቆይታውን ሰዓት ትደምራለህ።

ጥያቄ፦ ከቶክዮ ሎስ አንጀለስ ስሄድ 10 ሰዓት ነው የፈጀው፣ ስመለስ ግን ወደ 12 ሰዓት ሆነ፣ መስመሩ ያው ነው። ጓደኛዬ ምድር ስለምትሽከረከር ነው ይለኛል። እኔ ደሞ ምድር ወደ ምስራቅ ከዞረች ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ነበር ቶሎ መድረስ ያለበት፣ ከተማው ራሱ ወደሱ እየመጣለት ነው እኮ ብዬ ተከራከርኩት። ማናችን ነን ልክ? — ክርክር ወዳድ ተማሪ

መልስ፦ ክርክራችሁ ደስ የሚል ነው፣ እና ለሁለታችሁም የሚሆን መልስ አለኝ።

ያንተን ልጀምር። ምድር ስትዞር አየሩንም ይዛው ነው የምትዞረው። በምድር ወገብ ላይ መሬቱ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወደ ምስራቅ ይሄዳል፣ ኤርፖርት ላይ ቆሞ ያለው አውሮፕላንም፣ በዙሪያው ያለው አየርም፣ አንተም አብራችሁ እየሄዳችሁ ነው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ይሄን ፍጥነት ጥሎት አይነሳም። ስለዚህ ከተማው ወደ አውሮፕላኑ አይመጣለትም፣ ያማ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ አየር ላይ የቆመ ሄሊኮፕተር ባንድ ቀን ዓለምን ዞሮ ይመለስ ነበር።

የሰዓቱን ልዩነት የሚያመጣው ንፋስ ነው፣ ጄት ስትሪም የሚባለው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ማለት ነው፣ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚሮጥ ጠባብና ኃይለኛ የንፋስ መስመር አለ። ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አንዳንዴ ከ300 ያልፋል። በወንዝ ውስጥ እንደሚዋኝ ሰው አስበው፣ ዋናተኛው ጉልበቱ ያው ነው፣ ከወራጁ ጋር ሲዋኝ ግን ዳር ያለው ዛፍ ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል፣ ወደ ላይ ሲዋኝ ያው ዛፍ አላልፍ ይለዋል። አውሮፕላኑም በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት 900 ገደማ ሆኖ ሳለ ከመሬት አንፃር ያለው ፍጥነት ወደ ምስራቅ ሲሆን 1,100 ሊሞላ ይችላል፣ ወደ ምዕራብ ሲሆን ደሞ ወደ 750 ሊወርድ ይችላል።

ይሄ ነገር ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የየካቲት 2020ን በረራ ማስታወስ ይበቃል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፣ ከመሬት አንፃር ያለው ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። በዛ ከፍታ ድምፅ የሚጓዘው በሰዓት 1,060 ገደማ ነው፣ ታዲያ ከድምፅ ፈጠነ እንዴ ቢባል አልፈጠነም፣ በዙሪያው ካለው አየር አንፃር የተለመደ ፍጥነቱን ነው የበረረው፣ አየሩ ነው ተሸክሞት የሮጠው። በትክክል ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የመንገደኛ አውሮፕላን ኮንኮርድ ግን በ1996 ያንኑ መስመር በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ገደማ ገብቶታል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ንፋሱን በጥናት ቀድሞ ያገኘው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ፀባይ ተመራማሪ ነው፣ በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ ነበር የሚለካው። ውጤቱን ያሳተመው ግን ኤስፔራንቶ በሚባለው ሰው ሰራሽ ቋንቋ ስለነበር ከአገሩ ውጪ ብዙም ሰው አላነበበለትም። ከዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ጃፓን ላይ ሲደርሱ እሱ ከለካው ንፋስ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ፣ ወደ ፊት መሄድ እስኪያቅታቸው ድረስ። እኔ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ያን የመሰለ ስራ ሰርቶ በጊዜው ሰሚ ማጣቱ።

ጓደኛህም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ጄት ስትሪም የሚፈጠረው በሞቃቱና በቀዝቃዛው አየር መሀል ባለው ልዩነት ነው፣ አቅጣጫውን ወደ ምስራቅ የሚያዞረው ግን የምድር መሽከርከር ነው፣ ኮሪዮሊስ የሚባለው። ምድር በቀጥታ ሰዓት አትቀንስም አትጨምርም፣ በንፋሱ በኩል ግን እጇ አለበት። በክረምት በሰሜኑም በደቡቡም ይጠነክራል፣ አየር መንገዶችም ፕሮግራማቸውን ሲያወጡ በየወቅቱ የበረራውን ሰዓት የሚቀያይሩት በዚህ ምክንያት ነው። በአትላንቲክ ላይ ደሞ የበረራ መስመሮቹ ራሳቸው በየቀኑ በንፋሱ ልክ እንደ አዲስ ይሰመራሉ፣ የትናንቱ መንገድ ዛሬ አይደገምም።

ጥያቄ፦ ከኒውዮርክ ሲንጋፖር የሚሄደውን በረራ ስልኬ ላይ ስከታተል ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ላይ ይለጠጥና ጎብጦ ይወርዳል። ነዳጅ ማባከን አይደለም? ደሞ አንዳንዴ በአትላንቲክ አንዳንዴ በፓስፊክ ሲሄድ አየዋለሁ። — የበረራ ትራከር የማልለቅ

መልስ፦ የጎበጠው ካርታው ነው እህቴ፣ መንገዱ አይደለም። ስልክሽ ላይ ያለው ካርታ ጄራርዱስ መርካተር በ1569 ባወጣው ስልት የተሰራ ነው፣ ድቡልቡሉን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለማስፈር ሲል ወደ ዋልታዎቹ የተጠጋውን ሁሉ ይለጥጠዋል። ግሪንላንድ እዛ ላይ አፍሪካን የሚያክል ይመስላል፣ አፍሪካ ግን 14 ጊዜ ያህል ትበልጠዋለች። ሉል ካገኘሽ ክር ወስደሽ አንዱን ጫፍ ኒውዮርክ ላይ ሌላውን ሲንጋፖር ላይ አድርገሽ ወጠር አድርጊው፣ ክሩ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ነው የሚያልፈው። አጭሩ መንገድ ያ ነው፣ 15,300 ኪሎ ሜትር ከምናምን።

የቀየረውን አቅጣጫ በተመለከተ ያየሽው ትክክል ነው፣ እኔም ስለዚህ መስመር ማውራት አይሰለቸኝም። ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በምድር ተቃራኒ ጎን ላይ ስለሆኑ በየትኛውም በኩል ቢኬድ ርቀቱ በጣም አይለያይም። ስለዚህ ፕላን የሚያወጡት ሰዎች ንፋሱን ነው የሚከተሉት። ከኒውዮርክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በአትላንቲክና በአውሮፓ በኩል ወደ ምስራቅ ይሄዳል፣ ከሲንጋፖር ሲነሳ ደሞ በፓስፊክ በኩል አሁንም ወደ ምስራቅ። ደርሶ መልስ የሄደ መንገደኛ ሁለቴም ንፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ ሳያስበው ምድርን አንድ ዙር ዞሮ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ለዛም ነው በዚህ መስመር መሄጃውም መመለሻውም ከ18 ሰዓት ተኩል እስከ 19 ሰዓት አካባቢ ሆኖ የሚቀራረበው።

የነዳጁ ጥያቄሽ ግን ቁም ነገር አለው። የሲንጋፖር አየር መንገድ እዚህ መስመር ላይ የሚያበረው ኤርባስ ኤ350-900 የረጅም ርቀት ሞዴል እስከ 165,000 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፣ የሚጭነው ሰው ግን 161 ብቻ ነው፣ ተራው ኤኮኖሚ ክላስ ጭራሽ የለውም። ሲነሳ ከተሸከመው ነዳጅ ውስጥ ቀላል የማይባለው የሚቃጠለው ያንኑ ነዳጅ ራሱን ለመሸከም ነው። መሀል ላይ አርፎ የሚሞላ በረራ ይሄ ሸክም ይቀልለታል፣ ስለዚህ በጣም ረጅም በሆነ መስመር ሳያርፉ መሄድ ጊዜ ያተርፋል እንጂ ሁልጊዜ ነዳጅ ይቆጥባል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሄልሲንኪ ቶክዮ ድሮ 9 ሰዓት ተኩል ነበር፣ አሁን 13 ሰዓት ሆነብኝ። ከተማው አልራቀ፣ አውሮፕላኑ አላረጀ። — ተመላላሽ

መልስ፦ ሰማይም ድንበር አለው። አጭሩ መስመር ወደ 7,800 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም የሚያልፈው በሩሲያ ላይ ነው። በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ ሀገራትና ሩሲያ ሰማያቸውን እርስ በርስ ዘጉ፣ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤርም ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይ ደቡቡን ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ከለንደንና ከሌሎች የምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ወደ ቶክዮ የሚሄዱትም እንደዛው ረዝመዋል።

ይሄ ታዲያ አዲስ አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የሶቭየት ሰማይ ለምዕራቡ አየር መንገዶች ዝግ ስለነበር ከአውሮፓ ጃፓን የሚሄደው አላስካ አንኮሬጅ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞልቶ ነበር የሚያልፈው፣ የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ በ1957 ከኮፐንሀገን በዛ በኩል ቶክዮ መብረር ጀምሮ ነበር። ፊንኤርም ራሱ በ1983 ከሄልሲንኪ ቶክዮ ሳያርፍ ሲጀምር የሄደው በዋልታውና በቤሪንግ ባህር ሰርጥ በኩል ነበር፣ በዲሲ-10 አውሮፕላን፣ 13 ሰዓት ያህል ፈጅቶበት። ከ40 ዓመት በኋላ እዛው ቁጥር ላይ ተመልሰናል። ስለዚህ የቆየ ዌብሳይት ወይም የቆየ መፅሔት ላይ ያየኸውን የበረራ ሰዓት ይዘህ ፕሮግራም አታውጣ፣ የዚህን ወር ፕሮግራም እይ።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ ከቶክዮ አርብ 17፡00 ተነስቼ ሎስ አንጀለስ አርብ 10፡00 እደርሳለሁ ይላል። ከመነሳቴ በፊት ነው እንዴ የምደርሰው? ስህተት መስሎኝ ልደውል ነበር። — የመጀመሪያዬ ነው

መልስ፦ አትደውይ፣ ትክክል ነው። ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚፃፈው። ሁለቱን ቀንሰሽ የበረራ ሰዓት ማውጣት አይቻልም፣ ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት መመለስ አለብሽ። ቶክዮ ከዩቲሲ 9 ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ 17፡00 የቶክዮ 08፡00 ዩቲሲ ነው። 10 ሰዓት በረራ ጨምሪ፣ 18፡00 ዩቲሲ። ሎስ አንጀለስ በክረምት ከዩቲሲ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ 10፡00። እነሱ በጋ ላይ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ ያኔ 11፡00 ይሆናል። መሀል ላይ ፓስፊክ ውስጥ የቀን መለወጫውን መስመር አቋርጠሽ አንድ ቀን ወደኋላ ተመልሰሻል። በመልሱ ጉዞ ያ ቀን ይወሰድብሻል፣ አርብ ተነስተሽ ቅዳሜ ነው የምትደርሺው፣ ሆቴል ስትይዢና ስራ የምትገቢበትን ቀን ስታስቢ እሱን እንዳትረሺ።

ለሲድኒዋ መንገደኛም ይሄው ይሰራል፣ እሷ ጋ ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ለንደንና ሲድኒ በጋና ክረምታቸው ተገላባጭ ስለሆነ አንዱ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይመልሳል። በጥር ልዩነታቸው 11 ሰዓት ነው፣ በሐምሌ 9 ሰዓት፣ በመሀል ለጥቂት ሳምንት 10 ይሆናል። በጥር ሰኞ 21፡00 ከለንደን ተነስታ ጉዞው በጠቅላላ 23 ሰዓት ቢፈጅ ሲድኒ የምትገባው ረቡዕ ጠዋት 07፡00 ነው፣ ያንኑ በሐምሌ ብታደርገው ረቡዕ 05፡00። ሊቀበል የሚመጣ ሰው ካለ ሁለት ሰዓት ቀላል አይደለም።

የማጄላን መርከበኞች በ1522 ዓለምን ዞረው ኬፕ ቨርዴ ሲደርሱ በነሱ ማስታወሻ ረቡዕ ነበር፣ የደሴቲቱ ሰዎች ግን ዛሬ ሐሙስ ነው አሏቸው። ወደ ምዕራብ ሲዞሩ አንድ ቀን ጠፍቶባቸዋል። ያንቺ ግርምት ከነሱ ጀምሮ የነበረ ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፣ እግሬም ሲቀመጥ ያብጣል። ልጆቼ ካሉበት ለንደን ከፐርዝ ስሄድ ሳያርፍ የሚሄደውን ልያዝ ወይስ መሀል የሚያርፈውን? እነሱ ሳያርፍ ይሻላል ይሉኛል፣ በአንዴ ይገላግለኛል ብለው። — አንድ እናት

መልስ፦ እናቴ፣ የልጆችዎ ሀሳብ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን የእርስዎን እግር ነው ማሰብ ያለብን። ሳያርፍ የሚሄደው 17 ሰዓት ከዚያም በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ እግር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል ብሏል። ለጤነኛ ሰው አደጋው አሁንም ትንሽ ነው፣ ከ6 ሺህ ሰው አንድ ያህል፣ ነገር ግን ዕድሜ፣ የእግር እብጠት፣ ከዚህ በፊት የረጋ ደም ወይም በቅርብ የተደረገ ቀዶ ጥገና ሲጨመርበት ከፍ ይላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፣ የሚያጠብቅ ካልሲ ማድረግ ይኑርብዎ አይኑርብዎ እሱ ይወስናል፣ በራስዎ ገዝተው አያድርጉ።

ሐኪሙ ይቻላል ካለና ምርጫው የእርስዎ ከሆነ እኔ የምመርጥልዎ መሀል ላይ የሚያርፈውን ነው። ከላይ እንዳየነው በጥሩ ቦታ ማረፍ ርቀቱን ብዙም አይጨምርም፣ የሚጨምረው ሰዓት ነው፣ ያ ሰዓት ደሞ ለእርስዎ የሚራመዱበትና እግርዎን ዘርግተው የሚያርፉበት ነው። ግን ትራንዚቱ አንድ ሰዓት ብቻ የሆነውን አይያዙ፣ ትልቅ ኤርፖርት ውስጥ ከአንዱ በር ወደሌላው መሄድ ራሱ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ሶስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ነው የሚመቸው። ሁለቱም በረራ በአንድ ትኬት ይሁን፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ አየር መንገዱ በሌላ የሚያሳፍርዎ ያኔ ነው፣ ለየብቻ ከተገዛ ግን ኪሳራው የእርስዎ ይሆናል። ዊልቸር ደሞ ትኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቅ፣ እዛ ሲደርሱ መፈለግ ያደክማል።

የአውሮፕላኑን ዓይነትም ልጆችዎ ይዩልዎ። ብዙዎቹ የቆዩ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለ ተራራ ላይ የመቀመጥ ያህል ሊሆን ይችላል፣ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ላይ ግን ከ1,800 ሜትር አይበልጥም፣ አየሩም ትንሽ ይሻላል። በሁሉም ላይ ግን አየሩ በጣም ደረቅ ነው፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። መቀመጫዎ መተላለፊያው ዳር ያለው ይሁን፣ መስኮት ጋ ከተቀመጡ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ ብለው ሳይነሱ ሰዓታት ያልፋሉ። ነቅተው ባሉበት ጊዜ በየሰዓቱ ይነሱና ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱት።

ሲደርሱ እንቅልፍ ሊዛባብዎ ነው። ሰውነት ከአዲሱ ሰዓት ጋር ለመስማማት ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፣ ወደ ምዕራብ መሄድ ግን ወደ ምስራቅ ከመሄድ ይቀላል፣ የእርስዎም መሄጃ ወደ ምዕራብ ነው። ሲመለሱ ነው የሚከብደው። ለመድኃኒት የሚወስዱት ነገር ካለ በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱት ከመነሳትዎ በፊት ሐኪሙን ያስፅፉት፣ መድኃኒቱንም በሚላከው ሻንጣ ሳይሆን በእጅዎ በሚይዙት ቦርሳ ያድርጉት።